ቲግ ብየዳን ከዜሮ፦ የአንድ የአበባ ማስቀመጫ መቆሚያ ማስታወሻ

ቀን 1

ማሽኑ ዛሬ ከካርቶኑ ወጣ። በኤሌክትሮድ ብየዳ ከዚህ በፊት እጄን ፈትቻለሁ። የተነቀለ የበር ማጠፊያ መልሻለሁ፣ የወንበር እግር አስተካክያለሁ። ያምራል አልልም፤ ግን ይዟል። ቲግ ያስፈለገኝ ለቀጭን ብረት ነው። ግድግዳው 1.5 ሚሊሜትር በሆነ ቱቦላሬ የአበባ ማስቀመጫ መቆሚያ መሥራት እፈልጋለሁ። በኤሌክትሮድ ስሞክረው ገና ሳይያያዝ ተበሳ። ቀዳዳውን ስደፍን ጎኑ ተበሳ። ያን ቀን ሦስት ቁራጭ አበላሽቼ ተውኩት።

የዚህ ማስታወሻ መጨረሻ ያ መቆሚያ ነው። እስከዚያው የተሳካውንም የተበላሸውንም እጽፋለሁ። ከአሁኑ ስገምት የሚበዛው የተበላሸው ነው።

ለማያውቀው በአጭሩ። በኤሌክትሮድ ብየዳ የምንይዘው ዘንግ ራሱ እየቀለጠ ብየዳው ውስጥ ይገባል። በቲግ ግን ቶርቹ፣ ማለትም በእጅ የሚያዘው መበየጃ፣ ላይ ያለው የቱንግስተን መርፌ አይቀልጥም። የቱንግስተን መቅለጫ 3400 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ ሥራው አርኩን፣ ብረቱን የሚያቀልጠውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ መሸከም ብቻ ነው። የሚጨመረው ብረት በሌላኛው እጅ በቀጭን ዘንግ ይቀርባል። በመርፌው ዙሪያ አርጎን የሚባል ጋዝ እየፈሰሰ አየር እንዳይገባ ይጋርዳል። የሚቀጠቀጥ ቅርፊት የለም፣ ፍንጣሪም የለም ማለት ይቻላል። በምትኩ ሁለት እጅና አንድ እግር እኩል መሥራት አለባቸው። የእኔ እጆች ደግሞ እስካሁን ተስማምተው አያውቁም።

ዛሬ የሠራሁት ዝግጅት ብቻ ነው። ማሽኑ 200 አምፒር ድረስ የሚሰጥ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው፤ ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየረው) የለውም። ይህ ማለት አሉሚኒየም ለጊዜው አይሞከርም። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ላዩ ላይ ያለው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ውስጡ ፈስሶ ቆዳው እንደቆመ ይቀራል። ያንን ቆዳ የሚሰባብረው ኤሲ ነው። እኔ ብረት ስለሚበቃኝ በዲሲ ቀጠልኩ።

ሲሊንደሩን ግድግዳው ላይ በሰንሰለት አሰርኩት። ባለ 10 ሊትር ነው፣ ጌጁ 150 ባር ያሳያል። ሲሰላ 1500 ሊትር ያህል ጋዝ ነው። በደቂቃ 8 ሊትር ቢፈስ ሦስት ሰዓት ገደማ የአርክ ጊዜ። ብዙ መስሎኝ ነበር።

ቀን 2

መርፌ መሳል። ይህን ቀላል ሥራ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

የገዛሁት ጫፉ ሰማያዊ ቀለም የተቀባውን፣ ላንታነም ያለበትን ነው። ባለ ቀዩ ቶሪየም አለበት፤ ቶሪየም ደግሞ ራዲዮአክቲቭ ነው፣ ሲሳል የሚወጣውን ብናኝ መተንፈስ አይመከርም። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ያን ጣጣ ምን አመጣው።

አሳሳሉ እንዲህ ነው። መርፌው ከድንጋዩ አዟዟር ጋር በአንድ አቅጣጫ፣ በቁመቱ ይያዛል። በጣት እኩል እየተሽከረከረ ጫፉ እንደ እርሳስ ይሾላል። የሾለው ክፍል ርዝመት የመርፌውን ውፍረት ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። መጀመሪያ በጎን አስጠግቼ ስስለው ጭረቶቹ ጫፉን እንደ ቀለበት ከበቡት። እንዲህ ሲሆን አርኩ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ጭረቱ ወደ ጫፉ ሲያመራ ግን አርኩም ቀጥ ይላል። መሳያውን ድንጋይ ለመርፌ ብቻ ለይቼዋለሁ። ሌላ ብረት የተሳለበት ድንጋይ ቆሻሻውን ጫፉ ላይ ይለጥፋል።

ከዚያ የመጀመሪያው አርክ። አምፒሩን የሚቆጣጠረውን የእግር ፔዳል ረገጥኩ፣ ሰማያዊ ብርሃን ተንቦገቦገ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሁለት ሰከንድ ቢቆይ ነው። በማስኩ ውስጥ ሳይ የመርፌው ጫፍ አበጠ። ክብ ሆነ፣ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ጠብ አለ። የማይቀልጠው ቱንግስተን ዓይኔ እያየ እንደ ሻማ ፈሰሰ።

ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ልቤ ወረደ። ችግሩ እኔው ነበርኩ። በኤሌክትሮድ ብየዳ ልማድ ቶርቹን ፖዘቲቩ ላይ ሰክቼዋለሁ። በዲሲ አብዛኛው ሙቀት፣ 70 በመቶ ያህሉ፣ የሚያርፈው በፖዘቲቩ በኩል ነው። ስለዚህ ለቲግ ቶርቹ ኔጌቲቭ ላይ፣ የሚበየደውን ብረት የሚነክሰው የመሬት መያዣ ፖዘቲቭ ላይ መሆን አለበት። ያኔ ብረቱ ይሞቃል፣ መርፌው ይድናል። እኔ ብረቱን አድኜ መርፌውን ነው የጠበስኩት።

ቀን 3

ገመዶቹን አቀያይሬ ጀመርኩ። ዛሬ የመሙያ ዘንግ የለም። 2 ሚሊሜትር ላሜራ ላይ ማቅለጥ ብቻ። ለተራ ብረት መነሻው ለአንድ ሚሊሜትር ውፍረት 40 አምፒር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑን 80 ላይ አቆምኩት። ፔዳሉ እስከዚያ ድረስ ብቻ ይሰጣል። ይህ ጣሪያ በጣም ጠቅሞኛል፤ ምክንያቱም ሲጨንቀኝ እግሬ ይጫናል። የብየዳ ፔዳል ደግሞ ፍሬን አይደለም።

ኩሬውን፣ ከአርኩ ሥር የሚቀልጠውን ብረት፣ ያየሁት ዛሬ ነው። መጀመሪያ ብረቱ ይቀላል። ቀጥሎ ላቡ የወጣ ይመስል ያብረቀርቃል። ከዚያ ድንገት አንዱ ነጥብ መስታወት ይሆናል። ክብ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። ቶርቹን ትንሽ ሳሸሸው ኩሬው ተከተለኝ፣ ከኋላው ደግሞ የረጋው ብረት ቀጭን ሞገድ ሠርቶ ቀረ። ድምፁ እንደ ኤሌክትሮዱ አይንጣጣም። እርጋታ ያለው ዝቅተኛ እምምታ ብቻ ነው።

እስከ ዛሬ አርኩን ነበር የማየው። አርኩን ማየት ምንም አይጠቅምም፤ እሱ መብራት ነው። ማየት ያለብኝ ኩሬው ምን ያህል እንደሰፋ፣ ጠርዙ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ፊቴን ወደ ጎን አድርጌ ዝቅ ስል ከመርፌው ሥር ያለው ሁሉ ታየኝ። ማስኩ ላይ ያለው የጥቁረት ቁጥር 10 ነው፣ ለዚህ አምፒር ተስማምቶኛል።

ቶርቹ ወደ ኋላ 15 ዲግሪ ገደማ ብቻ ያዘነብላል። በመርፌውና በኩሬው መካከል ያለው ርቀት የመርፌውን ውፍረት ያህል ነው። ለእኔ መርፌ 2.4 ሚሊሜትር መሆኑ ነው። ይህ ርቀት በጽሑፍ ቀላል ነው። በተግባር እጄ በተንቀጠቀጠ ቁጥር መርፌው ኩሬው ውስጥ ጥልቅ ይላል። ብረቱ መርፌው ላይ ይወጣል፣ አርኩ ይበታተናል፣ ላሜራው ላይ ጥቁር ጥላሸት ይረጫል። ከዚያ ማጥፋት፣ መንቀል፣ መሳል፣ መመለስ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 11 ጊዜ ስያለሁ። ከአራተኛው በኋላ አራት መርፌ በሁለቱም ጫፍ ስዬ በቆርቆሮ ውስጥ ደረደርኩ። መመላለሱ ቀነሰ፣ ንዴቴም አብሮ ቀነሰ።

ሌላ ጥፋት። እንደጨረስኩ ቶርቹን ቶሎ አነሳለሁ። ጋዙ ግን አርኩ ከጠፋ በኋላም መፍሰስ የሚቀጥለው በምክንያት ነው። የጋለ መርፌ አየር ሲነካው ይጠቁራል፣ ኩሬውም ገና አልረጋም። አሁን አጥፍቼ እስከ ስምንት እቆጥራለሁ፣ እጄን ሳላንቀሳቅስ።

ቀን 4

ምንም አልበየድኩም። አንገቴ ሥር፣ የሸሚዜ ቁልፍ በተከፈተበት ቦታ፣ ቀይ ሦስት ማዕዘን ወጥቶብኛል። ፍንጣሪ ስለሌለ አደጋ የሌለ መስሎኝ ነበር። የቲግ አርክ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ኃይለኛ ነው። ጭስ ስለማይበዛ የሚጋርደውም የለም። እስከ አንገት የሚቆለፍ ወፍራም የጥጥ ሸሚዝ አዘጋጀሁ።

ቀን 6

ዘንግ መጨመር። 1.6 ሚሊሜትር ዘንግ በግራ እጅ።

ከዚህ በፊት በነበሩት ሁለት ምሽቶች ጓንት አጥልቄ ዘንጉን በጣቶቼ መካከል ማሳለፍ ስለማመድ ነበር። አውራ ጣት ይገፋል፣ ሌሎቹ ይይዛሉ። ቴሌቪዥን እያየሁ ስለማደርገው ቤተሰቡ እንደ እብድ ያየኝ ጀምሯል።

በቀዝቃዛው የተሳካው በሙቁ ፈረሰ። ዘንጉ ኩሬው ጋ ከመድረሱ በፊት ጫፉ ላይ ኳስ ሠርቶ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ወይ ያለ ቦታው ይወድቃል፣ ወይ መርፌው ላይ ይዘላል። ቶርቹን ከልክ በላይ አስተኝቼው ኖሯል። ሲያዘነብል ሙቀቱ ወደ ፊት ይረጫል፣ ዘንጉንም በአየር ላይ ያቀልጠዋል። ቀና ሳደርገው ተስተካከለ። ዘንጉ ዝቅ ብሎ፣ ላሜራውን ሊዳስስ ደርሶ፣ የኩሬውን የፊት ጠርዝ ብቻ ይነካል። የሚያቀልጠው ኩሬው እንጂ አርኩ አይደለም።

ነክቶ መለስ፣ ወደ ፊት ሸርተት፣ ነክቶ መለስ። ስመልስም ብዙ አላርቅም። የጋለው ጫፍ ከጋዙ ጥላ ከወጣ አየር ያገኘዋል፣ ያንን ቆሻሻ ይዞ ይመለሳል። ዛሬ ካወጣሁት መስመር ውስጥ አራት ሴንቲሜትር ያህል የተደረደረ ሳንቲም ይመስላል። ከፊቱና ከኋላው ያለው አይነሳ።

ቀን 8

ሌላ ላሜራ አመጣሁ፣ ሁሉም ነገር ጠፋ። ኩሬው ይፈላል፣ ይተፋል፣ መስመሩ ጥቁር ነው። ብየዳ ሲሠራ ያረጀ አንድ ጎረቤት አለ፤ ጋሼ ነው የምለው። ድምፁን ሰምቶ ገባና ብረቱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየ።

«ልጄ፣ ይሄን መቼ ልብሱን አወለቅክለት?»

ልብስ ያለው ብረቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ያለውን ግራጫ ቅርፊት ነው። ዝገት ስላልሆነ ንጹሕ መስሎኛል። ኤሌክትሮድ ይህን ይችለዋል፣ ቲግ ግን አይታገሠውም። ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር በግራይንደር አነሳሁ፣ ብረቱ ነጭ እስኪሆን። የተቆረጠውን ጠርዝና የኋላውንም ጭምር። ከዚያ በአሴቶን ጠረግኩ። ዘንጉንም ጠረግኩት፤ ጨርቁ ላይ የቀረውን ጥቁር ዘይት ሳይ አፈርኩ።

ስለ ማጽጃ አንድ ነገር። መደርደሪያዬ ላይ የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነበር፣ እሱን ልጠቀም ቀርቤ ነበር። ጀርባው ላይ ክሎሪን እንዳለበት አነበብኩ። ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ከአርኩ ጨረርና ሙቀት ጋር ሲገናኝ ፎስጂን ይሰጣል፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሰው የተገደለበት ጋዝ ነው። ቆርቆሮውን ከክፍሉ አወጣሁት። ዚንክ የተቀባ ብረትም እንዲሁ ለመለማመጃ አይነካም፤ ጭሱ ያንዘፈዝፋል።

ቀን 9 እና 10

እነዚህን ሁለት ቀናት የበላው አንድ ቀለበት ነው።

ብረቱ ነጭ፣ ዘንጉ ንጹሕ፣ መርፌው የተሳለ። ግን መስመሩ ስፖንጅ ነው። በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። ስፈጨው ሌላ ቀዳዳ ከሥር ይወጣል።

መጀመሪያ ጋዝ አነሰው ብዬ በደቂቃ ከ8 ወደ 12 ሊትር ከፍ አደረግኩት። ያው ነው። ወደ 20 ወሰድኩት። ባሰበት! እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። በኋላ ሳስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጋዙ በዝግታ ሲፈስ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል። በጉልበት ሲወጣ ይሽከረከራል፣ የአካባቢውን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። መጨመር ጥበቃ አይሆንም።

ቀጥሎ ነፋስ ጠረጠርኩ። ጭስ እንዲወስድልኝ ያቆምኩት ትንሽ ማራገቢያ ነበር። ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርኩት። ትንሽ ተሻለ፣ ግን አልጠፋም። በሩን ሙሉ በሙሉ መዝጋት አልፈለግኩም፤ አርጎን ከአየር ስለሚከብድ ጠባብ ቦታ ውስጥ ከታች ይጠራቀማል፣ ሽታም የለውም።

በሁለተኛው ቀን ማታ የጋዙን ቱቦ ሲሊንደሩ ላይ ካለው ሬጉሌተር (የጋዝ መቆጣጠሪያ) ጀምሬ በሳሙና አረፋ ቀባሁ። መጋጠሚያው ደህና፣ ማሽኑ ደህና። ቶርቹ ላይ ስደርስ፣ ከኋላ መርፌውን የሚያጠብቀው ረጅሙ ቆብ ሥር፣ አረፋው ቀስ ብሎ አበጠ። ቆቡን ስፈታ ጉሮሮው ላይ መኖር ያለበት ጥቁር የጎማ ቀለበት የለም። መርፌ ስቀያይር፣ ከ11 ጊዜ በአንዱ፣ ወድቋል። በዚያ ክፍተት ጋዝ ይወጣል፣ አየር ይገባል።

ወለሉን ጠርጌ አገኘሁት። ብረት ብናኝ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው እግር ሥር። ጠርጌ መለስኩት፣ ጋዙን 8 ላይ አደረግኩ። የመጀመሪያው መስመር እንደ ብር ነጭ ወጣ። ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ የእጄ ችሎታ ነው ብዬ እጄን ስወቅስ ነበር።

ቀን 13

ወደ መገጣጠሚያ። የውጭ ማዕዘን ከሁሉ ቀለለኝ፤ ሁለቱ ጠርዞች ራሳቸው ስለሚቀልጡ ዘንግ እምብዛም አይፈልጉም። ቲ ቅርጹ ግን አስቸገረ። አርኩ ወደ ቆመው ጠርዝ ይሄዳል፣ ታችኛው ሳይቀልጥ ላዩ ይበላል። መርፌውን ከቶርቹ አፍ ወደ 8 ሚሊሜትር ገፋ አድርጌ ወደ ጥጉ አስገባሁት፣ አርኩን አሳጠርኩ፣ ሙቀቱን ወደ ታችኛው አደላሁ። ሁለቱም ጎን ተያይዘው አንድ ኩሬ እስኪሆኑ ዘንግ አለመጨመር ነው ዋናው። ቀድሜ ከጨመርኩ ከላይ ድልድይ ይሠራል፣ ከሥሩ ባዶ ነው። አንዱን ሞርሳ ላይ አጥብቄ በመዶሻ ገለበጥኩት። ከላይ ያማረው መስመር እንዳለ ተላቀቀ።

ቀን 16

ትርፍ አይዝጌ ብረት አግኝቼ ለጨዋታ ሞከርኩ። ቀለሙ ነገር ይናገራል። ወርቃማ ከሆነ ደህና ነው፣ ሰማያዊ ሲሆን ሙቀቱ በዝቷል፣ ግራጫ ከሆነ ዝገት የሚከላከለው ችሎታው ተጎድቷል። የእኔ ግራጫ ነው። የኋላው ደግሞ እንደ ተቃጠለ ስኳር ጎርበጥባጣ ሆነ፤ በዚያ በኩል ጋዝ አልነበረማ። ሌላ ጊዜ።

ቀን 19

መቆሚያው ተጀመረ። ቱቦላሬውን ቆርጬ ውስጡንም ውጭውንም አጸዳሁ። 2.4 መርፌውን በ1.6 ለወጥኩት፤ በዝቅተኛ አምፒር አርኩ ይበልጥ ይረጋል። ጣሪያው 60 አምፒር።

አንዱ መገጣጠሚያ ላይ የምላጭ ውፍረት የሚያህል ክፍተት ነበር። «ዘንግ ይሞላዋል» ብዬ አለፍኩት። አልሞላውም። ጠርዙ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ክፍተቱ ቀዳዳ ሆነ። ከኋላ የመዳብ ቁራጭ ደግፌ ደፈንኩት፤ መዳብ ሙቀቱን ይስባል፣ ብረቱም አይለጠፍበትም። ሌሎቹን ግን ብርሃን እስከማያሳልፉ በፋይል አስተካክዬ ነው የገጠምኩት።

አራቱን ማዕዘን ነጥብ ነጥብ ብቻ ይዤ በማዕዘን መለኪያ አየሁ። ቀጥ ነው። ከዚያ አንዱን ጎን እስከ መጨረሻው በየድኩ፣ ድጋሚ ስለካው ወደ በየድኩበት በኩል 3 ሚሊሜትር ተጎትቷል። የቀለጠ ብረት ሲረጋ ይኮማተራል፣ ጎረቤቱን ይስባል። ቀሪውን እያቀያየርኩ፣ አንዱን ከፊት አንዱን ከተቃራኒው ጥግ፣ ሠራሁ።

መስመር ስጨርስ ፔዳሉን ድንገት መልቀቅም ዋጋ አስከፈለኝ። መጨረሻው ላይ ጎድጎድ ያለ ጉድጓድ ቀረ፣ መሃሉ ላይ የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ። አሁን አንድ ጠብታ ዘንግ ጨምሬ እግሬን ቀስ እያልኩ አነሳለሁ።

ቀን 21

የእግሮቹን ጫፍ በአራት ማዕዘን ላሜራ መክደን ቀረኝ። ሦስቱ እግሮች ላይ ሦስት ጎን ያምር ነበር፣ አራተኛው ጎን ላይ መጨረሻው ነጥብ ሲደርስ ኩሬው ፉት ብሎ ወደ ውጭ ይተፋል፤ ቀዳዳ ይቀራል። ስደፍነው ይተፋል። ጋሼን ጠራሁት። አየና ሳቀ። ቱቦው በሁለቱም በኩል ተዘግቷል፣ ውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል፣ ያገኘው መውጫ ደግሞ ለስላሳው ኩሬ ነው። ዲሪሉን አንስቶ በእያንዳንዱ እግር ውስጠኛ ጎን ባለ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በሳ። «አሁን ዝጋው።» ተዘጋ፣ ትንፍሽ ሳይል።

መቆሚያው ቆሟል። ሁለት መስመሮች ወደ ግድግዳው አዙሬአቸዋለሁ። አንዱ እግር 2 ሚሊሜትር አጥሮ ስለሚነቃነቅ ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን አድርጌበታለሁ። አበባው ተቀምጧል። ጌጁ 30 ባር ያሳያል።